የትንሽ ከተማን የመኸር ፌስቲቫል ከሜዳው ጀምሮ ማሰናዳት

የፌስቲቫል ኮሚቴ ሲሰበሰብ መጀመሪያ የሚነሣው የመድረኩ ጉዳይ ነው፤ ማን ይዘፍናል፣ ማን ንግግር ያደርጋል፣ ለልጆች ምን ጨዋታ ይዘጋጅ። ሜዳው የሚታሰበው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ሰው ከፍቶት ወደ ቤቱ የሚመለሰው ግን ዘፋኙ ስላልተዋጣለት አይደለም። ለአንድ ሳህን ምግብ 40 ደቂቃ ስለቆመ፣ ልጁን ሽንት ቤት ሊያደርስ ሄዶ ረጅም ሰልፍ ስለጠበቀው፣ መብራት በየሩብ ሰዓቱ ስለጠፋ ነው። ስለዚህ እዚህ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። መጀመሪያ የሰዉ ብዛት ይሰላል፣ ቀጥሎ ሜዳው ይለካል፣ መርሐ ግብሩ የሚወጣው እነዚህ ካለቁ በኋላ ነው።

የሰዉ ቁጥር

ቀኑን ሙሉ ስንት ሰው ይመጣል የሚለው ብቻውን ብዙ አይጠቅምም። የሚያስፈልጋችሁ በአንድ ጊዜ ሜዳው ላይ የሚገኘው ትልቁ ቁጥር ነው። ዝግጅቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት የሚቆይ ከሆነ ሰው የሚከማቸው በምሳ ሰዓት ነው፤ ከጠቅላላው ግማሹ በዚያን ጊዜ አብሮ ይገኛል ብላችሁ አስሉ። 2,000 ሰው ከጠበቃችሁ የምትሠሩበት ቁጥር 1,000 ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስሌቶች ሁሉ በ1,000 የተሠሩ ናቸው፤ በእናንተ ቁጥር ተኩት።

ቁጥሩ እንደተያዘ፣ ቢቻል 6 ወር ቀደም ብሎ፣ የሜዳውን ባለቤት፣ ማዘጋጃ ቤቱን፣ ፖሊስንና የእሳት አደጋ ክፍሉን አነጋግሩ። ፈቃድ የሚጠየቅባቸው ነገሮች ከቦታ ቦታ ይለያያሉ፤ ምግብ መሸጥ፣ ድምፅ ማጉያ፣ መንገድ መዝጋትና ትልቅ ድንኳን ግን በብዙ ቦታ የየራሳቸው ፈቃድ አላቸው። አንዱን ስታገኙ ሌላውም ያለቀ አይምሰላችሁ።

ሜዳውን ለኩ

50 ሜትር የሚረዝም ሜትሮ፣ ካሬ ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ሂዱ። በወረቀቱ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር 2 ሜትር ይሁን። ከስፋቱ በተጨማሪ ተዳፋቱን፣ ዛፎቹን፣ ከላይ የሚያልፉትን የኤሌክትሪክ ሽቦዎችና ከሥር የተቀበሩትን ቧንቧዎች መዝግቡ። የተቀበረውን የሚያውቀው ውኃና መብራት የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ነው፤ የድንኳን ካስማ ከመምታታችሁ በፊት ጠይቁ። ሜዳውን አንድ ጊዜ ዝናብ በዘነበ ማግስት እዩት፤ ውኃ የሚያቁረው ቦታ በደረቁ ቀን አይታወቅም። ሌላ ጊዜ ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ ሂዱ። በመኸር ቀኑ ያጥራል፤ ድንኳን የሚነቀለው በድንግዝግዝ ነው፣ ሣሩም ጤዛ ይዞ ያንሸራትታል።

አሁን ወረቀቱ ላይ ማስቀመጥ ጀምሩ። መጀመሪያ የሚሰመረው የአምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና መንገድ ነው፤ ስፋቱ 4 ሜትር፣ ከላይ ያለው ክፍት ቁመት ቢያንስ 4.5 ሜትር ይሁን። ይህ መስመር ከዋናው መንገድ ተነሥቶ መድረኩም ምግቡም አጠገብ መድረስ አለበት። አንድም ጠረጴዛ፣ አንድም የሻጭ መኪና አይቆምበትም። «ለአምስት ደቂቃ ብቻ» የተባለ መኪና ሰዉ ከሞላ በኋላ ሊወጣ አይችልም።

ሁለተኛው መውጫ ነው። ጠፍጣፋና ደረቅ መሬት ላይ 1 ሜትር ስፋት ባለው በር በደቂቃ ወደ 80 ሰው ያልፋል። እያንዳንዳቸው 3 ሜትር የሆኑ ሁለት መውጫዎች ካሏችሁ አንዱ የተዘጋ አድርጋችሁ አስሉ፤ የቀረው በደቂቃ 240 ሰው ያስወጣል፣ 1,000ው ሰው በ4 ደቂቃ ገደማ ይወጣል። መውጫዎቹ በሜዳው ሁለት የተለያዩ ጎኖች ይሁኑ። ጎን ለጎን የሆኑ ሁለት በሮችን አንድ እሳት ሁለቱንም ይዘጋቸዋል።

ከዚያ በኋላ መጸዳጃ፣ ውኃና ጄነሬተር፣ ቀጥሎ ምግብ፣ ቀጥሎ መድረክ ይቀመጣሉ። የዕደ ጥበብና የጨዋታ ድንኳኖች በቀረው ቦታ ይሰፍራሉ። መድረኩ ፊት ለፊት ሰው ተመችቶት የሚቆመው በካሬ ሜትር 2 ሲሆን ነው። ከ4 ሲያልፍ መንቀሳቀስ ይከብዳል፣ ከ5 በላይ ሲሆን ሰው የሚሄደው እግሩ ወደሚፈልገው ሳይሆን ሕዝቡ ወደሚገፋው ነው። 300 ሰው መድረክ ፊት ይቆማል ብላችሁ ከገመታችሁ 150 ካሬ ሜትር ነጻ ቦታ ተዉ።

መኪና ማቆሚያውን ለብቻው አስሉት። ሜዳ ላይ አንድ መኪና ከመተላለፊያው ጋር 25 ካሬ ሜትር ይወስዳል። ከ1,000ው 600ው በመኪና ከመጡና በአንድ መኪና 2.5 ሰው ካለ 240 መኪና ማለት ነው፤ 6,000 ካሬ ሜትር ይፈልጋል። መግቢያው ከዋናው መንገድ 30 ሜትር ያህል ገባ ብሎ ይሁን፤ ያኔ የመኪናው ሰልፍ መንገዱን አይዘጋም። መኪና የሚያስተናግዱት ልጆች አይሁኑ፣ አንጸባራቂ ሰደርያም ይልበሱ።

ወረፋው

በፌስቲቫል ላይ ከሁሉም በላይ የሚከፋው ነገር የምግብ ወረፋ ነው፤ ብዙ ኮሚቴዎች ግን በስሌት ሊፈታ እንደሚችል አያስተውሉም። አንድ ሻጭ ትዕዛዝ ተቀብሎ፣ ገንዘብ ወስዶ፣ ሳህን እስኪሰጥ 1 ደቂቃ ይፈጅበታል እንበል፤ በሰዓት 60 ሰው ያስተናግዳል ማለት ነው። ከ1,000ው ሰው 600ው በ90 ደቂቃ ውስጥ መብላት ቢፈልግ በደቂቃ ወደ 7 ሰው መስተናገድ አለበት። ስለዚህ 7 የማስተናገጃ መስኮቶች ያስፈልጋሉ። ልብ በሉ፣ ያልነው 7 መስኮት ነው፤ አንድ ሻጭ ሁለት መስኮት ሊከፍት ይችላል። 4 ብቻ ቢኖሩ በደቂቃ 3 ሰው ይጠራቀማል፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ 180 ሰው ወረፋ ላይ ይቆማል።

መስኮት መጨመር ካልተቻለ ሥራውን ለሁለት ክፈሉት። ገንዘብ ተቀባዩ ቲኬት ይስጥ፣ ምግብ ሰጪው ገንዘብ አይንካ። ይህ ለፍጥነቱም ለንጽሕናውም ይጠቅማል። የምግቡ ዝርዝር አጭር ይሁን፤ ሦስት ዓይነት ምግብ የሚሸጥ ድንኳን አሥራ ሁለት ዓይነት ከሚሸጠው ይልቅ ብዙ ሰው ያስተናግዳል፣ ምክንያቱም የሚዘገየው አብሳዩ ሳይሆን መምረጥ ያቃተው ደንበኛ ነው። ዝርዝሩንም በትልልቅ ፊደል ጽፋችሁ ወረፋው መሐል ላይ ስቀሉት፤ ሰዉ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ወስኖ ይጠብቃል።

20 ሰው ተሰልፎ ሲቆም ወደ 14 ሜትር ይረዝማል። ሜዳው ላይ ስታሰምሩ የወረፋውንም ቦታ አስምሩ፤ መተላለፊያውን እንዳያቋርጥ ወደ ጎን ይታጠፍ።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ብዙ ሰው በአንድ ሜዳ ሲሰበሰብ የስልክ ኔትወርክ ይጨናነቃል፣ በስልክ መክፈል ይቆማል። ዝርዝር ገንዘብ በቂ አድርጋችሁ ያዙ። የተሰበሰበውን በየሁለት ሰዓቱ ሁለት ሰዎች አብረው ቆጥረውና ፈርመው ይውሰዱት።

መጸዳጃ

ከ6 ሰዓት ለማይበልጥ ዝግጅት ለ100 ሴት 1፣ ለ500 ወንድ 1፣ በተጨማሪ ለ150 ወንድ 1 የመሽኛ ቦታ ይያዛል። 1,000ው ሰው ግማሽ በግማሽ ከሆነ ለሴቶች 5፣ ለወንዶች 1 እና 4 መሽኛ ይሆናል። ተሽከርካሪ ወንበር የሚገባበት ቢያንስ 1 ይጨመር፤ እስከዚያ የሚያደርሰው መንገድም ጠጣር ይሁን። በሩ ሰፍቶ መንገዱ ጭቃ ከሆነ የተሰናዳለት ሰው ሊጠቀምበት አይችልም። ለመቁጠር ያህል ወንድና ሴት እኩል መድቦ ጉዳዩን መዝጋት በጣም የተለመደ ስሕተት ነው፤ ሴቶቹ ዘንድ ሰልፍ ሆኖ ወንዶቹ ዘንድ ባዶ የሚሆነው በዚህ ነው።

ለ5 መጸዳጃ ቢያንስ 1 መታጠቢያ ከነሳሙናው ያስፈልጋል። ሁለት ሰው መድቡ፤ በየ45 ደቂቃው ወረቀት፣ ሳሙናና ውኃ ይፈትሹ። ብዙ ጊዜ የሚከሰተው የመጸዳጃ እጥረት ሳይሆን ወረቀት አልቆበት የተተወ መጸዳጃ ነው። ተንቀሳቃሽ መጸዳጃውን የሚያነሣው መኪና ከባድ ስለሆነ ጠጣር መሬት አጠገብ አስቀምጡት።

ድንኳንና ንፋስ

ተጣጣፊው 3 በ3 ሜትር ድንኳን ቀላል ስለሚመስል ሰው ይንቀዋል። ጣሪያው 9 ካሬ ሜትር ነው፤ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ንፋስ በዚህ ስፋት ላይ ወደ 70 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ኃይል ያሳርፋል። በእያንዳንዱ እግር 20 ኪሎ ከታሰረ በድምሩ 80 ኪሎ ነው፤ ድንኳኑ የሚይዘው በጭንቅ ነው። ንፋሱ 60 ሲደርስ ኃይሉ ከ150 ኪሎ ግራም ያልፋል፤ ፍጥነቱ በግማሽ ሲጨምር ኃይሉ ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ በየእግሩ 20 ኪሎ ዝቅተኛው መጠን ይሁን፣ ብው የሚለው ንፋስ 40 ሲደርስ ደግሞ ድንኳኖቹ ተጣጥፈው ይውረዱ። «ሲያልፍ እናያለን» ብሎ መጠበቅ ሰው ያስጎዳል።

ለክብደት ውኃ የተሞላ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል፤ አንዱ 20 ኪሎ ነው። ግን እግሩ ሥር ማስቀመጥ ብቻ ዋጋ የለውም። ከጣሪያው ማዕዘን በሚወርድ ገመድ ተወጥሮ ይታሰር፤ ድንኳኑ ሊነሣ ሲል ጀሪካኑን ወዲያው መጎተት አለበት። ገመዱ ከላላ ድንኳኑ መጀመሪያ ተስፈንጥሮ ፍጥነት ያገኛል፣ ከዚያ ጀሪካኑን ይዞት ይሄዳል።

ካስማ የምትጠቀሙ ከሆነ የላይኛው ጫፉ ከድንኳኑ ወዲያ አጋድሎ ይመታ፤ አውታሩና ካስማው በመገናኛቸው ቀጥ ያለ ማዕዘን ይሥሩ። ቀጥ ብሎ የተመታ ካስማ በቀላሉ ይነቀላል። ሌሊቱን ከዘነበ ጠዋት እያንዳንዱን ካስማ በእጃችሁ ፈትሹ፤ የራሰ አፈር ይለቃል። አውታሮቹ ላይ ደማቅ ጨርቅ እሰሩ፤ ማታ ላይ የሚጥሉት ሰው ብዙ ነው።

በአየር የሚነፋ የልጆች መዝለያ ካስመጣችሁ ቢያንስ 6 ቦታ ላይ መታሰሩን ራሳችሁ ቁጠሩ፤ ንፋሱ በሰዓት 38 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ልጆቹ ይውረዱና አየሩ ይውጣ። በእጅ የሚያዝ የንፋስ መለኪያ ግዙ ወይም ተዋሱ፣ ንባቡን የሚመለከት አንድ ሰው ሰይሙ። ይህ ሰው ማንንም ሳያስፈቅድ «ይውረድ» የማለት ሥልጣን ይኑረው። ኮሚቴ እስኪሰበሰብ ንፋስ አይጠብቅም።

መብራትና ጄነሬተር

ከአንድ ወር በፊት ለሻጮቹ ሁሉ አንድ ጥያቄ ላኩ፦ የምታመጡት እያንዳንዱ ዕቃ ስንት ዋት ነው? መልሱ ከዕቃው ጀርባ ላይ ካለው ጽሑፍ ይገለበጥ። «ትንሽ ማብሰያ ናት» የሚል መልስ አትቀበሉ። ውኃ ማፍያ ከ2,000 እስከ 3,000 ዋት፣ የዘይት መጥበሻ ወደ 3,000 ዋት ይወስዳል። በ230 ቮልት አንድ የ16 አምፔር መስመር የሚችለው 3,680 ዋት ነው። ስለዚህ ማፍያና መጥበሻ አንድ መስመር ላይ ከሰኩ ብሬከሩ ይወድቃል፤ ያንኑ መስመር የተጋራው ጎረቤት ድንኳንም አብሮ ይጨልማል።

10 ኬቪኤ ተብሎ የተጻፈበት ጄነሬተር 10,000 ዋት ይሰጣል ማለት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ 8,000 ነው፤ ከዚያም 80 ከመቶውን፣ ማለትም 6,400 ዋት ብቻ ጫኑበት። የቀረው ትርፍ የሚያስፈልገው ማቀዝቀዣና የአየር መንፊያ ሲነሡ ለአፍታ ከተለመደው ብዙ እጥፍ ስለሚስቡ ነው። ለድምፅ መሣሪያው ከወጥ ቤቶቹ የተለየ መስመር ስጡት።

የኬብል ርዝመት ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ነው። 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ኬብል 50 ሜትር ተዘርግቶ 13 አምፔር ሲያልፍበት ወደ 15 ቮልት ይጥላል፤ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሲሆን ወደ 9 ይወርዳል። ረጅም መስመር ላይ ወፍራሙን ተጠቀሙ። በመጠቅለያ ላይ የሚመጣ ኤክስቴንሽን ደግሞ ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ ይፈታ። እንደተጠቀለለ ብዙ ጭነት ከተሸከመ ሙቀቱ መውጫ ስለሌለው ፕላስቲኩ ይቀልጣል፤ ጎኑ ላይ ለተፈታና ለተጠቀለለ የተጻፉት ሁለት ቁጥሮች የሚለያዩት ለዚህ ነው።

እያንዳንዱ መስመር 30 ሚሊ አምፔር ኤሌክትሪክ ሲያፈስ መስመሩን የሚቆርጥ መከላከያ ይኑረው፤ እርጥብ ሣር ላይ ሕይወት የሚያድነው እሱ ነው። የኬብል መገናኛ ሣር ላይ አይተኛ፣ ከመሬት ከፍ ይበል። ጄነሬተሩ ከድንኳኖች ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ ጭሱ ወደ ሰዉ በማይነፍስበት አቅጣጫ፣ በአጥር ተከልሎ ይቀመጥ። ነዳጅ የሚሞላው ጠፍቶና በርዶ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ታንክ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ አስቀድማችሁ እወቁ፤ ያለዚያ ነዳጁ በምሳ ሰዓት ያልቃል።

ምግብና እሳት

ትኩስ ምግብ ከ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ፣ ቀዝቃዛ ምግብ ከ5 በታች ይቆይ። በሁለቱ መሐል ባክቴሪያ በፍጥነት ይራባል። ሥጋ ውስጡ 75 ሲደርስ በስሏል፤ ተመልሶ የሚሞቅም ምግብ 75 ይድረስ። ለየድንኳኑ አንድ የምግብ ቴርሞ ሜትር ጠይቁ፣ ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ እየዞራችሁ ለኩ። ማሞቂያ ሣህን ቀዝቃዛ ምግብ ለማሞቅ የተሠራ አይደለም፤ ትኩሱን ትኩስ አድርጎ ማቆየት ብቻ ነው የሚችለው።

የጋዝ ሲሊንደር ቆሞና ታስሮ ከድንኳኑ ውጭ ይሁን፤ መገጣጠሚያው ላይ የሳሙና አረፋ ቀቡ፣ አረፋው ካበጠ ጋዝ እየወጣ ነው። ዘይት የሚጠበስበት ድንኳን ለማብሰያ ዘይት የተሠራ እሳት ማጥፊያና የእሳት ብርድ ልብስ ይኑረው። በሚነድ ዘይት ላይ ውኃ ማፍሰስ ነበልባሉን ወደ ጣሪያ ይሰድደዋል፤ ይህን እያንዳንዱ አብሳይ ጠዋት በቃል ይነገረው።

ለመኸር ማስዋቢያ የሚመጣው ገለባና ድርቆሽ ያምራል፣ መቀመጫም ይሆናል። ግን ከማብሰያና ከጄነሬተር ይራቅ፣ አጠገቡ ማጨስ ይከልከል፣ በሻማ ፋንታ በባትሪ የሚሠራ መብራት ይግባ። ልጆች ስለሚወጡበት ከሁለት እስር በላይ አትደራርቡ።

ልጆችና እንስሳት

እንስሳት የሚነኩበት ቦታ ካለ መውጫው ላይ ውኃና ሳሙና ያለው መታጠቢያ አቁሙ፤ ማንም ሳይታጠብ እንዳያልፍ መንገዱ በመታጠቢያው በኩል ብቻ ይሁን። የእጅ ጄል አይበቃም። ከእንስሳት እበት የሚተላለፈውን፣ ተቅማጥ የሚያስይዘውን ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ አልኮል አይገድለውም። በዚያ አጥር ውስጥ መብላት፣ መጠጣት፣ ጡጦ መያዝ ይከልከል።

የጠፋ ልጅ የሚቆይበት ድንኳን ካርታው ላይ ይጻፍ፤ ሁልጊዜ ሁለት አዋቂዎች ይኑሩበት፣ አንድ ሰው ብቻውን ከልጅ ጋር አይቆይ። በድምፅ ማጉያ የልጁን ስምና መልክ አትናገሩ፤ ያን የሰማ ማንኛውም ሰው «የኔ ነው» ብሎ ሊመጣ ይችላል። «ልጅ የጠፋበት ወላጅ ወደ መረጃ ድንኳን ይምጣ» ማለት ይበቃል። የሚመጣው ሰው የልጁን ስም፣ ዕድሜና ልብስ ራሱ ይናገር፣ ልጁም ያውቀው። ከዚህ ሁሉ የሚቀለው ግን በር ላይ ለየልጁ የወላጅ ስልክ የተጻፈበት የወረቀት አምባር ማሰር ነው።

መርሐ ግብሩና ሰዎቹ

መድረኩ አሁን ይምጣ። ድምፅ በሜዳ ላይ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ አንድ ጥግ ላይ ትልቅ ስፒከር አቁሞ ከመጮኽ ሁለት መካከለኛ ስፒከሮችን ወደ ሕዝቡ አዘንብሎ መትከል ይሻላል። ጀርባቸው ወደ መኖሪያ ቤቶች ይሁን። ትልቁን ዝግጅት በምሳ ሰዓት አታድርጉት። ከምሳ በፊት አንድ፣ ከምሳ በኋላ አንድ ቢሆን ሰዉ ይበተናል፣ ወረፋውም ይቀልላል። የዝግጅቱ ማብቂያ ፀሐይ ከመጥለቋ ቢያንስ 2 ሰዓት በፊት ይሁን።

በጎ ፈቃደኞችን ከ4 ሰዓት በላይ አታሠሩ። ፈረቃዎቹ 15 ደቂቃ ይደራረቡ፤ ፈረቃውን የጨረሰው ለሚተካው ሥራውን ቦታው ላይ ያሳየው። ከ10 አንዱ አይመጣም ብላችሁ ተጠባባቂ ያዙ። ለሁሉም በአንድ ገጽ ካርታው፣ የኃላፊዎቹ ስልክና የመጀመሪያ ዕርዳታው ቦታ ይሰጣቸው። ብዙ ኮሚቴ በጎ ፈቃደኞቹን ምሳ ሳያበላ ይውላል፤ እባካችሁ የእነሱን ምግብ ከወረፋው ውጭ አስቀድማችሁ አዘጋጁ።

ማንሣት

ሰዉ መውጣቱ ሳይረጋገጥ አንድም የሻጭ መኪና ወደ ሜዳው አይግባ። ሕፃናት ያሉበት ሜዳ ላይ ወደ ኋላ የሚሄድ መኪና የቀኑ ትልቁ አደጋ ነው። መጀመሪያ እሳትና ጋዝ ይዘጋ፣ ቀጥሎ የድንኳን ጨርቅ ይውረድ፣ መብራትና ኬብል መጨረሻ ላይ ይነሣ፤ ጨለማ ውስጥ ካስማ መፈለግ አይቻልም። ከዘነበ ከባድ መኪኖች ጠዋት እስኪደርቅ ይጠብቁ፤ አንዴ የተቆፈረ ጎማ መንገድ ሣሩን ለወራት ያበላሻል።

በነጋታው ስምንት አሥር ሰው በአንድ መስመር ተደርድሮ፣ እጅ ለእጅ በሚደርስ ርቀት፣ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ይራመደው። የሚፈለገው ትልቁ ቆሻሻ ሳይሆን ሚስማሩ፣ የሽቦው ቁራጭ፣ የኬብል ማሰሪያው ነው። እነዚህ ኋላ የሣር ማጨጃ ይሰብራሉ፣ ከብት ይውጣቸዋል፣ ባዶ እግሩን የሚሮጥ ልጅ ይረግጣቸዋል። ካስማዎቹንም ቁጠሩ፤ 120 አውጥታችሁ 118 ከተመለሱ ሁለቱ እስኪገኙ ድረስ ሜዳውን አታስረክቡ።